ላይብረሪ ለምትመደቡ፦ ከጠዋት ቁልፍ እስከ ማታ ቁልፍ

አንዲት ዘመዴ በቅርቡ የሕዝብ ላይብረሪ ተቀጥራ ደወለችልኝና "መመሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ" አለችኝ። እኔም ስጀምር እንደዛው ነበር። በስልክ ያልኳትን ነው እዚህ ሰብሰብ አድርጌ የጻፍኩት። እኔ የሠራሁት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፣ እንደ አብርሆት ያለ ትልቅ ቤት የምትሠሩ የሚለይባችሁ ነገር ብዙ ነው፣ መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ የተጻፈ መመሪያ ካለው ደግሞ እሱ ይቅደም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። እኛ አገር ብዙ ላይብረሪ ውስጥ ጥሩ ጥሩው መጽሐፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የምታገኙት። አንባቢው ላይብረሪያኑን ክፉ ያደርገዋል፣ ሰውየው ግን ፈርቶ ነው። መጽሐፉ በስሙ ወጪ ሆኖበታል፣ ከጠፋ ከደሞዙ ሊቆረጥበት ነው፣ ስለዚህ ይቆልፋል በቃ። እኔም ሁለት ዓመት ቆልፌያለሁ። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ በሰላም እንድትተኙ የሚያደርግ ነው፣ ወረቀቱ ንጹህ ከሆነ ቁልፉ ብዙም አያስፈልግም።

1. ሳትቆጥሩ አትፈርሙ

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ርክክብ ነው። የቀድሞው ሰው ተዛውሮ ሄዷል ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ አለቃ "አሁን ፈርሚና ቀስ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ" ይላል። እንዳትሸወዱ። እኔ ያኔ "እንዳለ ተረክቤያለሁ" ብዬ ፈረምኩ፣ በዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ መቶ ምናምን መጽሐፍ የለም፣ ከኔ በፊት ይጥፋ በኔ ጊዜ ይጥፋ ማንም ማወቅ አይችልም፣ ፊርማው ግን የኔ ነው። ጉዳዩ እስኪዘጋ የበላሁትን ምሳ አላስታውስም።

እንዲህ አድርጉ። የአክሴሽን መዝገቡን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚመዘገብበት ትልቁ ደብተር ማለቴ ነው) ይዛችሁ ሼልፍ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሦስት ምልክት ይበቃል፦ "አለ"፣ "ውሰት ላይ"፣ "አልተገኘም"። አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል ሌላው ምልክት ያደርጋል፣ ብቻችሁን ከጀመራችሁት አታልቁትም። አስረካቢ፣ ተረካቢና ከንብረት ክፍል አንድ ሰው ባሉበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ያልተገኙት ዝርዝር ከጀርባው ይያያዝ፣ አንድ ኮፒ ቤታችሁ ይቀመጥ። ከዛ በኋላ የሚመጣው አዲስ መጽሐፍ ደግሞ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ያደርገዋል፣ እናንተ በሞዴል 20 ትጠይቃላችሁ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይሰጣችኋል። የነዚህን ኮፒ በዓመተ ምሕረት ለይታችሁ ፋይል አድርጉ። ስጦታ ሆኖ በር ላይ የመጣ መጽሐፍም በዚሁ መንገድ ይግባ፣ "ስጦታ ስለሆነ ግድ የለም" የተባለ መጽሐፍ ነው ኋላ ማንም ባለቤት የማይሆነው።

2. ከመከፈቱ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት

2፡30 የሚከፈት ከሆነ 2፡00 ግቡ። መጀመሪያ መስኮት ክፈቱና አሽትቱ፣ አዎ አሽትቱ፣ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ ካለ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ሽንት ቤት ውሃ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ ጀሪካን ይቀዳ። ማታ የተመለሱ መጻሕፍት ካሉ ሼልፍ ይግቡ። ወንበሮቹን ቁጠሩ፣ ለስብሰባ ተብለው ወጥተው የማይመለሱ ወንበሮች አሉና።

ከዛ ጋዜጣ። የቀኑን ማህተም ምቱና አውጡ። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፣ አዲስ ዘመንም ሆነ ሪፖርተር ብዙ ሰው የሚፈልገው ለክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ሰው ገጹን ቀዶ ኪሱ ይከተዋል። እኛ ለዓመታት "ጋዜጣ መቅደድ ያስቀጣል" ብለን ለጥፈን ምንም ለውጥ አልመጣም። በኋላ የማስታወቂያውን ገጽ ኮፒ አድርገን በር አጠገብ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ስንጀምር መቅደዱ ቀረ ማለት ይቻላል። እስክሪብቶና ቁርጥራጭ ወረቀትም ሰሌዳው ሥር አስቀምጡ፣ ስልክ የሌለው ሰው ይጽፍበታል።

3. በር ላይ

ቦርሳ ይቀመጣል፣ ቁጥር ያለው ታግ ይሰጣል፣ ያው ቁጥር ቦርሳው ላይ ይንጠለጠላል። ብርና ስልክ ቦርሳ ውስጥ እንዳይተው ጥበቃው በየሰዉ ይናገር፣ "አልተነገረኝም" የሚባል ጭቅጭቅ በዚህ ይቀንሳል። ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ ሰው ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ሲገባ ይመዝገብ፣ ሲወጣ ይታይ። ፍተሻ ካለ ሴትን ሴት ትፈትሽ፣ ሴት ጥበቃ ከሌለች ቦርሳ ማሳየት ይበቃል።

መታወቂያ የሚያስፈልገው ለውሰት ነው፣ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ስምና ፊርማ በቂ ነው። የቀበሌ ይሁን ፋይዳ ይሁን የተማሪ መታወቂያ ይሁን ተቀበሉ። መታወቂያ የሌለው ሕፃን መጥቶ በር ላይ ከተመለሰ ደግሞ አይመጣም፣ እሱን ስሙንና ትምህርት ቤቱን ጠይቃችሁ አስገቡት። የጫማ ጠራጊ ሳጥን ይዞ የመጣ ልጅ ሳጥኑ እንደማንኛውም ቦርሳ ታግ ተሰጥቶት ይቀመጣል፣ ይሄን ለጥበቃዎች ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ።

4. ውሰትና መመለስ

አባል ለመመዝገብ ፎርም፣ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ስልክ፣ እና የሚኖርበትን የሚያውቅ ተጠሪ። ብዙ ቦታ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል፣ እኔ ይሄን አልወደውም፣ የደሞዝተኛ ዘመድ የሌለው ሰው ነው መጽሐፉ ይበልጥ የሚያስፈልገው። የኛ መፍትሄ አዲስ አባል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜ አንድ አንድ መጽሐፍ ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ነበር፣ በሰዓቱ ከመለሰ ወደ ሁለት ከፍ ይላል።

ሲወስድ፦ መጽሐፉን ፊቱ ገለጥ ገለጥ አድርጉት፣ የተቀደደ ወይ የተጻፈበት ካለ ኋላ ያለው ወረቀት ላይ ገጹን ጻፉ። ይሄን ካልሠራችሁ ሲመለስ "እንዲህ ሆኖ ነው የወሰድኩት" ይላችኋል፣ እውነቱን ሊሆንም ይችላል። ከዛ የመመለሻ ቀን። እዚህ ጋ ጳጉሜን የሚረሳ ሠራተኛ አይጠፋም፦ ነሐሴ 27 ለ14 ቀን የወሰደ ሰው መስከረም 11 አይደለም የሚመልሰው፣ መስከረም 6 ነው፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 5።

ኮሃ የምትጠቀሙ ከሆነ (የላይብረሪ ውሰትና መዝገብ የሚያዝበት ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ ለአንድ ላይብረሪ ተብሎ ተሠርቶ በ2000 እንደ ፈረንጅ ሥራ የጀመረ፣ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው) ሲስተሙ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ለአንባቢው የምትሰጡት ወረቀት ላይ የኛን ቀን በእጅ ጻፉለት። የበዓል ቀኖችን ካለንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ መመለሻው ዝግ ቀን ላይ እንዳይውል። ግን "በየዓመቱ ይደገም" የሚለውን ተጭናችሁ አትርሱት፣ ጥምቀት ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ቢሆንም በአራት ዓመት አንዴ 20 ይሆናል፣ በ2016 እንደዛ ነበር። ኢድና አረፋማ በጨረቃ ስለሆኑ በየዓመቱ አዲስ ነው የሚገቡት።

መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። የተሰመረበት ደብተር ሁሌም ዴስኩ ላይ ይኑር፦ ሰዓት፣ የአባል ቁጥር፣ የመጽሐፍ ቁጥር፣ "ወሰደ" ወይ "መለሰ"፣ ፊርማ። መብራት ሲመጣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል አስገቡት፣ ጠዋት ተመልሶ ከሰዓት በሌላ ሰው የተወሰደ መጽሐፍ ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ሲስተሙ ውስጥ ያልተወሰደ ይመስላል። የገባውን መስመር በቀይ ሰርዙት፣ አለበለዚያ ነገ ሌላው ፈረቃ ደግሞ ያስገባዋል።

ያዘገየ ሰው ላይ መጮህ መጽሐፉን አያመጣም፣ ሰውየውን ያስቀራል እንጂ። ስንደውል እንዲህ ነው የምንለው፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ ከላይብረሪ ነው። የወሰዱትን መጽሐፍ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነው፣ በዚህ ሳምንት ብቅ ማለት ይችላሉ?" ተማሪ ከሆነ "አንተዬ እንዴት ነህ፣ አልቆ ከሆነ አምጣው፣ ካላለቀ መጥተህ አሳድሰው" ይበቃል። ስልኩን እናት ወይ ባል ካነሳው የመጽሐፉን ርዕስ አትናገሩ፣ "መልእክት አለን ይደውልልን" በሉ። ሰው ስለ በሽታው፣ ስለ ፍቺ ሕግ፣ ስለ ሃይማኖት ምን እንደሚያነብ የራሱ ነው። አለቃም ቢሆን "እገሌ ምንድነው የሚያነበው?" ብሎ ሲጠይቅ በቃል አይመለስም፣ ጥያቄው በደብዳቤ ይምጣና በሕግ አግባብ ይታይ።

የቅጣት ብር ያለ ደረሰኝ አትንኩ። አምስት ብርም ብትሆን።

5. ሼልፍ

አንባቢ ያነበበውን ራሱ እንዳይመልስ ንገሩት፣ ጠረጴዛ ላይ ይተወው። ቦታው የተሳሳተ መጽሐፍ ከጠፋ አይለይም። ጠረጴዛ ላይ የቀረውን ስትሰበስቡ በዘርፍ ቁጠሩና ጻፉ፣ ለሪፖርትም ለግዢም የሚጠቅማችሁ ቁጥር እሱ ነው።

ቁጥሩ በዲዊ ነው፣ መጽሐፍን በዘርፍ በዘርፉ በቁጥር የሚለየው፣ ከ000 እስከ 900 ያለው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። ችግሩ እኛ ጋ ልብ ወለዱ በሙሉ 892.87 ሲሆን አንድ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍበታል። እኛ ልብ ወለድን ለብቻ አውጥተን በደራሲ ስም በፊደል ተራ ደረደርነው፣ አንባቢው ወዲያው ለመደው።

የፊደል ተራ ስትሉ ግን ጣጣ አለው። ሀ መጀመሪያ ነው፣ ሐ ሦስተኛ ነው፣ ኀ ከቸ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ብለው የጻፉ ሦስት ደራሲዎች ሦስት ቦታ ይበተናሉ፣ አንባቢ ደግሞ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያው። የኛ ውሳኔ ለድርደራ ሲባል አንድ ድምፅ ያላቸውን እንደ አንድ ፊደል መቁጠር ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲው አጻጻፍ አይነካም፣ ሼልፍ ላይ ግን ሁሉም ሀ ጋ ይሰለፋሉ። እናንተ ሌላ ልትወስኑ ትችላላችሁ፣ ብቻ ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ሁለት ፈረቃ በሁለት ሕግ ሲደረድር አይቼ አውቃለሁ።

በየቀኑ ሩብ ሰዓት አንድ ሼልፍ ብቻ አንብቡ፣ ማለትም ቁጥሮቹን በተራ እያያችሁ የተሳሳተውን አስተካክሉ። በዓመት አንዴ ሦስት ሳምንት ዘግቶ ከመቁጠር ይሻላል።

6. አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ

ማህተም የርዕሱ ገጽ ላይ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ እና እናንተ ብቻ የምታውቁት አንድ ገጽ ላይ ይመታ፣ ለምሳሌ ሁሌም ገጽ 17። ርዕሱን የገነጠለ ሰው ያቺን አያውቃትም። ጽሑፍና ሥዕል ላይ አትምቱ። የብራና መጽሐፍ ይዞ "ለላይብረሪው ሰጥቻለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ እባካችሁ ማህተም አታሳርፉበት፣ ቅርስ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፣ ቅርስ ነው።

የደራሲ ስም ስትመዘግቡ የራሱ ስም ነው የሚቀድመው። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ አበበ ጋ ነው የሚገባው፣ ከበደ አባቱ ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ወይ ከኢንተርኔት የተቀዳ መረጃ ገልብጦት ታገኙታላችሁ፣ አርሙት። ኮሃ ላይ የደራሲ ስም የሚገባበት 100 የሚለው መስመር ጋ የመጀመሪያዋን ምልክት 0 አድርጉ፣ 1 ካደረጋችሁት የፈረንጅ የቤተሰብ ስም ነው ማለት ነው። ርዕሱን 245 ላይ ሽፋኑ ላይ እንዳለው ጻፉና ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ሌላ አጻጻፍ 246 ላይ ጨምሩ። "ፀሐይ" የሚል ርዕስ ካለ "ጸሃይ" ብሎ የፈለገም እንዲያገኘው ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን "ፈለግኩ የለም" ብሎ የሚመለሰው ሰው ግማሹ በዚህ የተነሳ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን መጽሐፉ ላይ እንዳለው፣ 1998 ዓ.ም ካለ 1998 ብላችሁ፣ አጠገቡ በቅንፍ 2005/2006 ጨምሩ። ስምንት ብቻ የሚደምር ሰው ከፊሉን ይሳሳታል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት ነው። አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ካለው የኢትዮጵያው ብዙ ጊዜ በ978-99944 ይጀምራል። የቆዩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ የላቸውም፣ በሱ ብቻ ፈልጋችሁ "የለንም" አትበሉ።

7. የተቀደደና የረጠበ

ስኮች አትለጥፉ። ዛሬ ያምራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ስስ ወረቀትና ከዱቄት የተሠራ ቀጭን ሙጫ ይሻላል፣ ከዛ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጎ ማሳደር። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ሼልፉን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ጣራውን አሳዩ፣ ከታች ያለውን ረድፍ ከወለል ከፍ አድርጉ። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ይጎብጣል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ ባለበት፣ በየጥቂት ገጹ ሶፍት እያስገቡና እየቀያየሩ ነው የሚደርቀው። ሻጋታ ያለውን ከሌሎቹ ለዩ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጭ አራግፉ።

8. የፈተና ሰሞን

የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ወንበር አይበቃም። የ12ኞቹ ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ስለሚፈተኑ ከመሄዳቸው በፊት ያለው አንድ ወር እኛ ጋ ነው የሚያድሩት ማለት ይቻላል። ዋናው ጠብ ቦታ መያዝ ነው፣ አንዱ በጠዋት መጥቶ ለአምስት ጓደኛ ደብተር ያስቀምጣል። ሕጋችን፦ ወንበር ለተገኘ ሰው ነው፣ ተነስቶ የወጣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዛ ደብተሩ ዴስክ ላይ ይመጣል። ለምሳ ሰዓት ብቻ አንድ ሰዓት ፈቀድን። ሕጉን ጠረጴዛ ሁሉ ላይ በትልቁ ጻፉና ለዘመዳችሁም አታላሉ፣ የኔ የአክስቴ ልጅ አንዴ ተነስቶ እስካሁን ቅር ብሎታል። የመማሪያ መጻሕፍቱን በዚህ ወር ከውሰት አውጥታችሁ ለውስጥ ንባብ ብቻ አድርጉ። ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አድርጉልን የሚሉም ይበዛሉ፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ ለጥናት የሚሆን አጭር ክፍል እንጂ ሙሉውን አይሆንም።

የተኛ አንባቢ? ካላንኮራፋ ተዉት።

9. መጽሐፍ ሲጠፋ

ሰውየው "ጠፋብኝ" ብሎ ራሱ ከመጣ አመስግኑት፣ ብዙው ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ተመሳሳዩን ገዝቶ ይተካ፣ ገበያ ላይ ከሌለ አሁን ባለው ዋጋ ተመዝኖ በደረሰኝ ይክፈል፣ ወይም ኮሚቴው የሚስማማበትን ሌላ መጽሐፍ ያምጣ። መዝገቡ ላይ አሮጌውን ቁጥር አትፍቁ፣ "በቁጥር ይሄን ያህል ተተክቷል" ብላችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ። በቆጠራ ያልተገኘውና አርጅቶ የማያገለግለው ደግሞ በየዓመቱ ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴ በዝርዝር ይቅረብ። ብዙ ሰው ይሄን ፈርቶ ለዓመታት ይደብቀዋል፣ ስንት ሺህ አንባቢ ያገለገለ ቤት ጥቂት መጽሐፍ መጉደሉ ያለ ነው። በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ በወረቀት የቀረበ ጉድለት በኮሚቴ ይታያል፣ አሥር ዓመት ተደብቆ አንድ ቀን የወጣ ግን እናንተው ላይ ይወድቃል።

10. መዝጊያ

ከመዝጊያው ሩብ ሰዓት በፊት ዞራችሁ በለሆሳስ ንገሩ፣ መብራት ብልጭ ድርግም አታድርጉ፣ ሰው ይደነግጣል። ውሰት በዛ ሰዓት ይቁም። ታጎች ሁሉ ተመልሰው እንደሆነ ቁጠሩ፣ አንድ ከጎደለ ቦርሳ ረስቶ የሄደ አለ ወይ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ እዩ። ሶኬት ላይ የቀረ ቻርጀር ንቀሉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ኮምፒውተሮቹን ከስታብላይዘሩ አጥፉ። የቀን ማስታወሻው ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት መጽሐፍ ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ምን ተፈጠረ። ምንም ካልተፈጠረ "ምንም የለም" ብላችሁ ጻፉ፣ ባዶ አትተዉት። ቁልፉን ለጥበቃው ስትሰጡ ሰዓቱን አስፈርሙ፣ ዘመዴ የመጀመሪያ ቀን ይሄን ስታስፈርመው ጥበቃው "አላመንሽኝም እንዴ ልጄ?" ብሏታል፣ "አባባ፣ እኔንም ነገ ጠዋት ያስፈርሙኛል" አለችው፣ ስቆ ፈረመ።